ፖስትዶክ ፍለጋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒኤችዲውን የጨረሰ ወይም ሊጨርስ የደረሰ ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። አንዱ በቴሌግራም ይጽፋል፣ ሌላው ቡና ይጋብዘኛል። ቡናውን ባልጠላውም መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ያጠናሁት የውሃ ምህንድስና ስለሆነ ምሳሌዎቼ ወደዚያ ያደላሉ። የሳይንስም ሆነ የሌላ ምህንድስና ሰው ግን ወደ ራሱ መስክ መልሶ ሊያነበው ይችላል።

ፖስትዶክ ዲግሪ ነው እንዴ?

አይደለም። ጋዋንም ሰርተፍኬትም የለውም። ከፒኤችዲ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት፣ የሚሠራ የምርምር ሥራ ነው። እናቴ ይህን ስላልተቀበለችው «ልጄ ገና አልጨረሰም» ማለቷን አልተወችም።

የሚገባበት በር ሁለት ነው። አንደኛው ቅጥር ነው፤ ፕሮፌሰሩ ለአንድ ፕሮጀክት ያገኘው ገንዘብ አለ፣ ሥራውን የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል። ሁለተኛው ፌሎውሺፕ ነው፤ ገንዘቡን በራሳችሁ ስም አሸንፋችሁ ወደ ላቡ (ወደ ፕሮፌሰሩ ቤተ ሙከራ) ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታና ቅጥር ለሚፈልግ ፕሮፌሰር የፌሎውሺፕ ዓይነት ባለ 10 ገጽ ፕሮፖዛል ይልካል።

ማስታወቂያ የሚወጣው የት ነው?

ለአውሮፓ ዩራክሰስ ላይ፣ ለእንግሊዝ ጆብስ ዶት ኤሲ ዶት ዩኬ ላይ፣ ለኔዘርላንድስ አካዳሚክ ትራንስፈር ላይ፣ ለኖርዌይ ጆብኖርጌ ላይ ታገኛላችሁ። የሂሳብ ሰዎች ማዝጆብስ አላቸው። ኔቸር ካሪርስና ሳይንስ ካሪርስም አሉ። በኢሜይል የሚያሳውቁ ስለሆኑ አንድ ጊዜ ተመዝግባችሁ ተዋቸው።

እውነቱን ለመናገር ግን ማስታወቂያ ላይ ብቻ ተቀምጦ መጠበቅ አድካሚ ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ ፕሮፌሰሩ በልቡ የያዘው ሰው ሊኖር ይችላል። ማስታወቂያው ሳይጻፍ ገንዘቡ የት እንዳለ ማወቅ ይሻላል።

ገንዘቡ የት እንዳለ በምን አውቃለሁ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይሄ ነው።

ቴሲሳችሁን ክፈቱና ደጋግማችሁ የጠቀሳችኋቸውን 10 ፔፐሮች አውጡ። መጀመሪያ የመጨረሻውን ደራሲ ስም ተመልከቱ፤ በብዙ የሳይንስና የምህንድስና መስኮች የላቡ ባለቤት እሱ ነው። ቀጥሎ ወደ ፔፐሩ መጨረሻ ውረዱ፤ የምስጋናው አንቀጽ ላይ። ሁላችንም ዘለነው የምናልፈው አንቀጽ ነው። ገንዘቡን ማን እንደሰጠና የግራንቱ (የምርምር ድጋፉ) ቁጥር ስንት እንደሆነ ግን እዚያ ተጽፏል።

ያንን ቁጥር ይዛችሁ ወደ ክፍት የመረጃ ቋቶች ሂዱ። የአውሮፓ ኅብረት ፕሮጀክቶች ኮርዲስ ላይ አሉ። የጀርመኑ የምርምር ፈንድ ዲኤፍጂ ጌፕሪስ የሚባል አለው። አሜሪካ ውስጥ የሳይንስ ፈንዱ የኤንኤስኤፍ የአዋርድ መፈለጊያና የጤና ምርምር ተቋሙ የኤንአይኤች ሪፖርተር አሉ፣ እንግሊዝ ደግሞ ጌትዌይ ቱ ሪሰርች። ሁሉም በነፃ ነው። ፕሮጀክቱ መቼ እንደተጀመረ፣ መቼ እንደሚያልቅና ምን ሊሠራ እንደታሰበ ያሳያሉ።

ባለፈው ዓመት የተጀመረ የ5 ዓመት ፕሮጀክት ካያችሁ ያ ላብ ገንዘብም የሰው ፍላጎትም አለው ማለት ነው። ሊያልቅ 6 ወር የቀረው ከሆነ ፕሮፌሰሩ ራሱ ገንዘብ ፍለጋ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ቅጥር ሳይሆን ፌሎውሺፕ አብሮ ስለማመልከት አናግሩት። በዚህ መንገድ 15 ስም ያለው ዝርዝር ማዘጋጀት የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው።

ስንቱን ኢሜይል ልኬ መልስ የለም። ለምን?

እኔም ሰላሳ ምናምን ልኬ ሁለት መልስ ያገኘሁበት ጊዜ ነበር። በኋላ ተመልሼ ሳነበው አፈርኩ። እንዲህ የሚል ነበር፦ «ክቡር ሆይ፣ በታዋቂው ዩኒቨርሲቲዎ በሚያካሂዱት ድንቅ ምርምር እጅግ ተደንቄያለሁ። ታታሪና በቡድን መሥራት የምወድ ሰው ነኝ። ሲቪዬን ያያዝኩ ሲሆን ዕድሉን እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።» ስሙን ቀይሮ ለአናጢ ቢልኩትም ይሠራል። በዚያ ላይ ልመና አለበት። እኛ ዘንድ ትሕትና የሆነው እዚያ ሲደርስ «የሚለው የለውም» ተብሎ ይነበባል።

ሁለተኛው ዙር ላይ የጻፍኩት ደግሞ በግርድፉ ይህን ይመስላል፦

«ፕሮፌሰር፣ ባለፈው ዓመት ያወጡትን የፍሎራይድ ማጣሪያ ጽሑፍ አነበብኩ። ማጣሪያው የተፈተነው ላብ ውስጥ በተዘጋጀ ውሃ ነው። እኔ በፒኤችዲዬ ተመሳሳይ ማጣሪያ ከስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ በተቀዳ ውሃ ሞክሬዋለሁ። ባይካርቦኔቱ ብዙ ስለሆነ የማጣራት አቅሙ በጣም ወረደ። መረጃው በተያያዘው ጽሑፍ ሦስተኛ ሥዕል ላይ አለ። ይህን ችግር በእርስዎ ላብ መሥራት እፈልጋለሁ። ፒኤችዲዬን በመጋቢት ዲፌንድ አደርጋለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ቦታ ይኖርዎት ይሆን? ከሌለ ለማሪ ኩሪ ፌሎውሺፕ አብረውኝ ለማመልከት ፈቃደኛ ይሆናሉ?»

እዚህ ውስጥ አንድም የሙገሳ ቃል የለም። ሰውዬው ያላየውን አንድ ነገር ያሳየዋል። መጨረሻው ላይ «አዎ» ወይም «የለም» ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ አለ። ስልክ ላይ ሳይንሸራተት በአንድ ገጽ ያልቃል። ርዕሱ ላይ «ማመልከቻ» ከማለት «የፍሎራይድ ማጣሪያ በተፈጥሮ ውሃ፣ የፖስትዶክ ጥያቄ» ማለት ይሻላል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ላኩት። በ10 ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ ሁለት መስመር ማስታወሻ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ተዉት።

ቻትጂፒቲ ላስጽፈው ወይ? እንግሊዝኛውን ያስተካክልላችሁ፣ ሐሳቡን ግን አያምጣላችሁ። ፕሮፌሰሮቹ በሳምንት ተመሳሳይ ዜማ ያለው ደብዳቤ ብዙ ስለሚደርሳቸው ሽታውን ለይተውታል።

ስንት ፔፐር ያስፈልገኛል?

ቁጥር የለም። በመስኩ ውስጥ በሚታወቅ ጆርናል ላይ በመጀመሪያ ደራሲነት የወጡ ሁለት ጥሩ ፔፐሮች፣ ገንዘብ ከፍላችሁ በሳምንት ውስጥ ካሳተማችኋቸው ስምንት ፔፐሮች ይሻላሉ። ስምንቱ ጭራሽ ሊጎዷችሁም ይችላሉ።

ስሜን እንዴት ልጻፍ?

ይህ የኛ የብቻችን ራስ ምታት ነው። የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ፔፐር ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም የመጨረሻ ይሆናል። «ፀሐይ» በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አስቡት። ውጤቱ፣ ስማችሁን የሚፈልግ ሰው ከፔፐሮቻችሁ ግማሹን ብቻ ያገኛል።

ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ ያዙና ከእሱ አትውጡ። ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጡ፤ ነፃ ነው፣ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። በሌላ አጻጻፍ የወጡትንም እዚያ አስገቧቸው። በአባታችሁ ስም «ዶክተር ከበደ» ብለው ቢጠሯችሁ ማረም ያለባችሁ ለአስተዳደሩ ሰው ነው፣ ለፕሮፌሰሩ ኋላ ይደርሳል።

የትኛው ፌሎውሺፕ ለእኔ ይሆናል?

ሁሉንም ልዘርዝር ብል ያመልጠኛል። ለኛ ሰው ክፍት የሆኑትንና በደንብ የማውቃቸውን ልጥቀስ።

ማሪ ኩሪ፦ ሙሉ ስሙ ማሪ ስክሎዶቭስካ-ኩሪ ነው፣ የአውሮፓ ኅብረት ይከፍላል፣ የየትኛውም አገር ዜጋ ማመልከት ይችላል። አውሮፓ ውስጥ ለ1 ወይም 2 ዓመት ነው። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር ላይ ይዘጋል። በዚያ ቀን ፒኤችዲው በእጅ መኖር አለበት፣ ከፒኤችዲው ወዲህ ያለው የምርምር ልምድም ከ8 ዓመት መብለጥ የለበትም። ከምርምር ውጭ የሠራችሁበት ጊዜና የወሊድ ዕረፍት አይቆጠርም።

ብዙዎቻችንን የሚጥለው የዝውውር ሕጉ ነው። ከመዝጊያው ቀን በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ በኖራችሁበት ወይም በሠራችሁበት አገር ላይ ማመልከት አትችሉም። ሳንድዊች ፒኤችዲ (ከፊሉን እዚህ፣ ከፊሉን ውጭ) የሠራ ሰው ይህን በጥንቃቄ ይቁጠር። ቤልጅየም 4 ወር፣ ተመልሶ ጂማ፣ እንደገና ቤልጅየም 5 ወር፣ በመጨረሻ ለጽሑፉ 4 ወር። ድምሩ 13 ነው፤ ሁሉም በ36ቱ ወራት ውስጥ ከወደቀ ቤልጅየም ተዘጋች። ኔዘርላንድስ ግን ክፍት ናት። ፓስፖርቱን ይዛችሁ ማኅተሙን እያያችሁ ቁጠሩ።

ፉክክሩ ከባድ ነው። በ2024 ከ10 ሺህ በላይ፣ በ2025 ከ17 ሺህ በላይ ማመልከቻ ገብቷል። የሚቀበላችሁን ላብ የካቲት ላይ መፈለግ የሚጀመረው ለዚህ ነው።

ሁምቦልት፦ ጀርመን ነው። ለፖስትዶክ ፒኤችዲው ከተገኘ ከ4 ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት። ከ6 እስከ 24 ወር ይሰጣል። ጥሩ ጎኑ ዴድላይን የለውም፤ በፈለጋችሁ ጊዜ ታስገባላችሁ።

ጄኤስፒኤስ፦ ጃፓን ነው። ከፒኤችዲ በኋላ 6 ዓመት ያልሞላው ይወዳደራል፣ ከ12 እስከ 24 ወር ነው። የሚያመለክተው ጃፓናዊው ተቀባይ ፕሮፌሰር ስለሆነ እሱን ሳታገኙ ምንም አይጀመርም።

የአሜሪካው ኤንኤስኤፍ የፖስትዶክ ፌሎውሺፖች በአብዛኛው ለዜጋና ለግሪን ካርድ ባለቤት ናቸው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ የፕሮፌሰሩ ግራንት ነው። እዚያው ያላችሁና ግሪን ካርድ ያላችሁ ግን እነዚህን አትለፏቸው።

የተመረቅኩት በ2013 ነው። ጊዜዬ አልፏል ማለት ነው?

በየትኛው 2013? ቀልድ አይደለም። ሐምሌ 2013 በኛ አቆጣጠር ጁላይ 2021 ነው። የማሪ ኩሪው 8 ዓመት የሚሞላው በ2029 ነው። ቅጹ ላይ 2013 ብላችሁ ከሞላችሁት ግን ጊዜው በ2021 ያለፈበት ሰው ሆናችሁ ቁጭ ትላላችሁ። የቴምፖራሪው፣ የኦሪጅናሉና የትራንስክሪፕቱ ቀን አንድ ዓይነት አቆጣጠር መሆኑን አረጋግጡ። ካልሆነ ከሬጅስትራር በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ደብዳቤ አውጡ። አንድ ከሰዓት ወረፋ ያስይዛችኋል፣ ግን ያዋጣል።

ከፌሎውሺፑ ውጭም የዓመት ነገር አለ። ስዊድን ውስጥ የፖስትዶክ ቅጥር ቅድሚያ የሚሰጠው ፒኤችዲውን ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ ለጨረሰ ነው። ስለዚህ «ትንሽ አስተምሬ፣ ትንሽ አርፌ» የምትሉ ሰዎች ሰዓቱ እየቆጠረ መሆኑን እያወቃችሁ ይሁን።

ሪፈረንስ ማንን ላድርግ?

ትልቅ ስም ያለውን ሳይሆን ሥራችሁን ያየውን። ዲን የጻፈው ሦስት መስመር «ጨዋ ልጅ ነው» ከንቱ ነው። አድቫይዘራችሁ፣ ውጭ ያለው ተባባሪ አድቫይዘር፣ አንድ አብሮ የጻፈ ሰው። ስማቸውን ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቋቸው፣ ሲቪያችሁንና ማስታወቂያውን ላኩላቸው፣ ቀኑ ሲቃረብ ደውሉ። ኢሜይል የማያይ አድቫይዘር ካላችሁ (ማን የለውም?) ቢሮው ሂዳችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉና ሲልከው እዩ። አሳፋሪ ይመስላል፤ አይደለም።

ኢንተርቪው ላይ ምን ይጠይቃሉ?

አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሥራችሁን ታቀርባላችሁ፣ ከዚያ ጥያቄ ይከተላል። የማይቀረው ጥያቄ «የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ምን ትሠራለህ?» ነው። ሁለተኛው «ያልተሳካልህን ሙከራ ንገረን» ነው። ለዚህ አብዛኞቻችን አንዘጋጅም፤ ውድቀት መናገር ነውር ይመስለናል። እነሱ ግን የሚፈልጉት ማጣሪያው ሲደፈን ምን እንዳደረጋችሁ ነው።

ሰዓት! የማውቀው ልጅ «10 ሰዓት» የሚለውን በኛ 10 ሰዓት ይዞ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ፓነሉ ከተበተነ ቆይቷል። በጀርመን ጠዋት 10 በጃንዋሪ በኛ ቀን 6 ሰዓት ነው፣ በጁላይ ደግሞ 5 ሰዓት፤ እነሱ በበጋ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ። ኒውዮርክ ጠዋት 10 በጃንዋሪ በኛ ማታ 12 ሰዓት ነው፣ በጁላይ 11 ሰዓት። መልስ ስትጽፉ በሁለቱም ሰዓት አስቀምጡት።

መብራትም ሊሄድ ይችላል። ላፕቶፑ ይሞላ፣ ስልኩ ላይ ፓኬጅ ይግዛ፣ ስላይዱን አስቀድማችሁ በፒዲኤፍ ላኩላቸው። መስመሩ ቢቆረጥ በድምፅ ብቻ ትቀጥላላችሁ።

ቪዛው ያስቸግራል?

እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ የምትሄዱ አብዛኛውን ጊዜ በጄ-1 ቪዛ ነው። ዩኒቨርሲቲው ዲኤስ-2019 የሚባለውን ቅጽ ይልካል፣ ሴቪስ የሚባለው የምዝገባ ሥርዓት ክፍያ አለ፣ ከዚያ የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ። በሪሰርች ስኮላርነት ከፍተኛው 5 ዓመት ነው። ፕሮግራሙን ጨርሳችሁ ከወጣችሁ በዚያው ምድብ ለመመለስ 24 ወር ትጠብቃላችሁ። ከዚህ የተለየ ደግሞ አገር ቤት ሁለት ዓመት የመቆየት ግዴታ አለ፤ የመንግሥት ገንዘብ ካለበት ወይም አገርና ሙያችሁ በአሜሪካ መንግሥት የሙያ ዝርዝር ውስጥ ካለ ይመጣል። ዝርዝሩ በዲሴምበር 2024 ተሻሽሏል፤ ከእናንተ በፊት የሄደ ሰው የነገራችሁ ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

እንግሊዝ ለአንዳንድ የሳይንስና የምህንድስና መስኮች ከቪዛው በፊት አታስ የሚባል ፈቃድ ትጠይቃለች። ክፍያ የለውም፣ ሳምንታት ግን ይወስዳል። ውሉ እንደመጣ በዚያው ቀን አመልክቱ።

ደመወዙ ያኖራል?

ብቻውን ላለ ሰው ያኖራል። ጀርመን ውስጥ በመንግሥት ሠራተኛ እርከን፣ ቲቪ-ኤል ኢ13 በሚባለው፣ ይከፈላል፤ ላላገባ ሰው ከሲሶ በላይ የሚሆነው በግብርና በመድን ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መነሻ የሚያደርጉት የኤንአይኤችን ሠንጠረዥ ነው፤ በ2024 ለጀማሪ 61,008 ዶላር በዓመት ነበር። ይህ በትንሽ ከተማ ደህና ነው፣ ቦስተን ውስጥ ቤት ኪራዩ ይበላዋል። የመጀመሪያው ደመወዝ ከገባችሁ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል የኪራይ ቅድሚያና የሁለት ወር ስንቅ ከየትም አዘጋጁ።

ቀረብ ያለ ቦታ የለም?

አለ፤ ለምን እንደሚረሳም አይገባኝም። የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ፖስትዶክ ይቀበላሉ፤ የሚከፍሉት ደመወዝ ሳይሆን ስቲፔንድ ነው። ሳዑዲ ቱዋል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ካውስት የሚባል ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ይሠራል፣ ግቢው ውስጥ ቤት ይሰጣል፣ የላብ ዕቃው የሚያስቀና ነው። ናይሮቢ ኢሲፔ አለ ለነፍሳት ሳይንስ። ኢልሪ ደግሞ ናይሮቢ ብቻ ሳይሆን እዚሁ አዲስ አበባም ግቢ አለው፤ ለእንስሳትና ለግብርና ሰዎች ነው። ራቅ ቢልም፣ ለፊዚክስና ለሂሳብ አብዱስ ሳላም እ.ኤ.አ. በ1964 የመሠረተው፣ ጣሊያን ትሪዬስቴ ያለው የምርምር ማዕከል አይሲቲፒ አለ፤ የተቋቋመው እንደኛ ላሉ አገሮች ሳይንቲስቶች ነው።

መምህር ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲዬ ይለቀኛል?

ውላችሁን አንብቡ። ለፒኤችዲው ደመወዝ እየተከፈላችሁ ከተማራችሁ የአገልግሎት ግዴታ አለባችሁ፣ ዋስም አስይዛችሁ ይሆናል። ዝም ብሎ መሄድ ጣጣው ለዋሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ያ ሰው ወንድማችሁ ወይም የሥራ ባልደረባችሁ ነው። የፖስትዶኩን ደብዳቤ ይዛችሁ መጀመሪያ ወደ ዲፓርትመንት፣ ቀጥሎ ወደ ሰው ሀብት ሂዱ። ፈቃዱን በቃል ሳይሆን በማኅተም ተቀበሉ። ክሊራንሱን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት፤ ከላይብረሪ የወሰዳችሁት አንድ መጽሐፍ ሊያስቀራችሁ ይችላል።

ገንዘብ ክፈሉ ካሉኝስ?

ውሸት ነው። ፖስትዶክ ይከፈላችኋል እንጂ አትከፍሉም።

ውሉ መጣ። ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

ውሉ ለስንት ጊዜ ነው፣ የሚራዘመውስ በምን ገንዘብ? የቪዛና የጉዞ ወጪ ይሸፈናል ወይ? ለቤተሰብ የጤና መድን አለው ወይ? ባለቤቴ መሥራት ትችላለች ወይ? (በጄ-2፣ ማለትም በጄ-1 ባለቤት የትዳር ጓደኛ ቪዛ፣ የሥራ ፈቃድ ማመልከት ይቻላል፣ ጀርመንም የትዳር ጓደኛ ይሠራል።) ስሄድ የጀመርኩትን ሥራ ይዤ መሄድ እችላለሁ ወይ?

ከዚያ ላቡን ለቀው ከሄዱት አንዱን ፈልጉና ጻፉለት። አሁን ያሉት ሁሉም «በጣም ጥሩ ነው» ይላሉ፤ አለቃቸው ነውና። የወጣው ሰው ግን የቪዲዮ ጥሪ ላይ «ፕሮፌሰሩ እንዴት ነው?» ስትሉት ለጥቂት ሰከንድ ዝም ካለ፣ ዝምታውንም መዝግቡት።